አሥራ ዘጠኝ ቀን የቀራት መኪና

መኪና የገደለው ሰው በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ። ቆማ፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ የኤሌክትሪክ መስመሯ ተቋርጦ ሰው የገደለች መኪና ያየሁት ግን የዚያን ማክሰኞ ብቻ ነው።

ሟቹ በቤንዚንም በባትሪም በምትሄድ በአንዲት ነጭ ሃይብሪድ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ሁለቱም እጆቹ ክዳኑ የተነሳ ባትሪ ውስጥ ናቸው። ወፍራም የጎማ ጓንቶቹ በሥርዓት ታጥፈው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ጓንቴ» ነው የሚሉት። ጠዋት ጠዋት ጓንቶቹን እንደ ፊኛ በአየር ነፍቶ ጆሮው ላይ እያስጠጋ ቀዳዳ ይኖራቸው እንደሆነ ያዳምጥ ነበር አሉኝ። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው ባዶ እጁን ሞቶ ማየት ያናድዳል። እኔ ደግሞ ለመናደድ ሰበብ የማይፈልግ ሰው ነኝ።

«ማን አገኘው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ የጽዳት ሠራተኛዋ። መወልወያቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈውታል። «ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ከምሳ በኋላ፣ እንደ ወትሮዬ ልወለውል መጣሁ። መኪናዋን ዙሪያዋን ወለወልኩ፣ የኋላ መከላከያዋን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። ‹አንተ ጓንቴ፣ እግርህን አንሳ እንጂ› ብለው ዝም። ትከሻውን ነካ ሳደርገው... ምን አለፋዎት፣ ሰው አልነበረም።»

የጋራዡ ኃላፊ ፊታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ መጡ። ስድሳ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ እዚያ ያለውን መካኒክ ሁሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ሠራተኛው «ጋሽዬ» ነው የሚላቸው።

«ልቡ ነው» አሉኝ። «ኤሌክትሪክማ ሊሆን አይችልም። ኪሱን ይዩት።»

ረዳቴ ሳጅኗ የሟቹን ቱታ ኪስ ፈትሻ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ብርቱካናማ መሰኪያ አወጣች። ጋሽዬ እንባቸው እየቀደማቸው አስረዱን። ባትሪው በተርታ የተያያዙ ሃያ ስምንት ሴሎች፣ ማለትም ትንንሽ ባትሪዎች ነው። ይህ መሰኪያ ተርታውን መሃል ላይ ያገናኛል። ሲነቀል ተርታው ይቆረጣል፤ ዳርና ዳሩን በሁለት እጅ ብትይዘው እንኳ ምንም አይልህም። ግድግዳው ላይ በትልልቁ ተጽፏል፦ የነቀለ በኪሱ ይያዝ። መሰኪያው ኪስህ ውስጥ እስካለ ድረስ ሌላ ሰው ሳታውቅ መልሶ ሊሰካብህ አይችልም። ጓንቴ ነቅሏል፣ በመለኪያ ለክቶ ዜሮ መሆኑን መዝግቧል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጓንቱን ያወለቀው። ያስተማሩትን አንድም አላጓደለም።

እጄን ወደ መሰኪያው ጎሬ ሰደድኩ። ከዕቃ መጫኛው ግራ ጥግ፣ ከምንጣፉ ስር የተሸሸገ ነው፤ ከቀኝ በኩል የሚሠራ ሰው አያየውም። ጣቶቼ ተጣብቀውና ብልጭልጭ ብለው ወጡ። ልጆች የእጅ ሥራ ወረቀታቸው ላይ የሚነሰንሱት ብልጭልጭ ዱቄት በፈሰሰ የጭማቂ ስኳር ላይ ደርቋል። በመሐረቤ ብፈትገው እምቢ አለኝ። ማታ ሚስቴ የት እንደዋልኩ ጠየቀችኝ።

*

የመኪናዋ ባለቤት እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጣለች። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ተማሪ የምታመላልስ ሹፌር ናት። ወረቀቶቿን በላስቲክ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛለች።

«ትናንት ‹ሳትሠራልኝ ብትቀር ገድዬህ እታሰራለሁ› ብለሽዋል» አልኳት።

«ብያለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ሊሠራልኝ ምሳውን ትቶ ሲለፋ ሞተብኝ! የሚሠራልኝን ሰው ለምን እገድላለሁ? በሽተኛ ሐኪሙን ይገድላል?»

ወረቀቶቿን ዘረጋችልኝ። መኪናዋን የጋራዡ ባለቤት ከሆነው ኩባንያ በአዲስነቷ ስትገዛ ለባትሪው የስምንት ዓመት ዋስትና ተሰጥቷት ነበር። በሰባተኛው ዓመት ባትሪው ደከመ፤ በዋስትናው ተቀየረላት። የተቀየረው ደግሞ በአሥራ አንድ ወሩ ሞተ። አዲሱ ባትሪ የራሱ ስምንት ዓመት የለውም፤ የቀረውን የአሮጌውን ጊዜ ነው የሚጨርሰው።

«ስንት ቀርቶሻል?»

«አሥራ ዘጠኝ ቀን። ከዚያ በኋላ ከኪሴ ነው። የአሥራ አራት ወር ገቢዬ ማለት ነው፤ ያውም ሳልበላ፣ ቤት ሳልከራይ፣ ልጄን ሳላስተምር። ዋስትና አለሽ ይሉኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለችና ድንገት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጓንቴ ግን ሰው ነበር። ‹ቀኑ ሳያልፍ ሁሉንም ፈትቼ ጽፌ አስገባልሻለሁ፣ ምሳ ሰዓትም ቢሆን› አለኝ። አሁን መኪናዬን መቼ ትለቁልኛላችሁ?»

«ምርመራው ሲያልቅ።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

ሰዓቷን አጣራን፦ ከስድስት ሰዓት ከአምስት እስከ ሰባት ሩብ ጉዳይ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ነበረች፤ የከሰዓቱን ልጆች ማድረስ እንደማትችል ለወላጆች ስትነግር ርዕሰ መምህሩ አይቷታል። የጋራዡ ጥበቃም መውጫና መግቢያዋን ጽፏል። ከዝርዝሬ ሰረዝኳት፤ መኪናዋን ግን ጭኜ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ወሰድኳት።

*

በሦስተኛው ቀን አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ።

«ልቡ ጤነኛ ነው» አለኝ። «በሁለቱም እጆቹ ጣቶች ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል ቃጠሎ አለ። በአንዱ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ኤሌክትሪክ ነው።»

«መሰኪያው እኮ ኪሱ ውስጥ ነበር።»

«እኔ የማየው ሬሳ ነው፣ ኪስ አይደለም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ዱሮም ትዕግሥት አልፈጠረበትም።

ሳጅኗ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጠች። «አለቃ፣ መሰኪያ ሁለት ቢሆንስ?»

«ማለት?»

«የሱ ኪሱ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ሌላ መሰኪያ አምጥቶ ሰካ። ጓንቴ ለክቶ ጨርሷል፣ መሰኪያውም ኪሱ ውስጥ ነው፤ ምን ያጠራጥረዋል? ባዶ እጁን ገባ። ሲሞት ያ ሰው መሰኪያውን ነቅሎ ሄደ።»

ጥሩ ነገር ስትናገር ወዲያው ማመን አልወድም፤ ልቧ ያብጣል። ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። አደጋ ያልነው ነገር ያን ጊዜ ግድያ ሆነ።

*

ጥበቃው አንድ ሰው ረስቶ ነበር፤ ወይም እንዲረሳ የሆነ ነገር ተሰጥቶታል። ሳጅኗ በቁጣ ስትይዘው አስታወሰ። ከስድስት ሰዓት ከሃያ እስከ ስድስት ተኩል ድረስ በኋላ በር አንድ ሰው ማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ገብቶ ወጥቷል። ከዋናው መንገድ ጀርባ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሞቱ ባትሪዎችን እየነካካ የሚሸጥ፣ ሰፈሩ «አስነሺው» የሚለው ሰው ነው። ስንደርስበት በመስኮት ዘለለ፤ ሳጅኗ አጥሩ ላይ እግሩን ይዛ አወረደችው።

«ካልገደልክ ለምን ትሮጣለህ?»

«ፈቃድ የለኝማ! ፖሊስ አይቶ የማይሮጥ ባለፈቃድ ብቻ ነው።»

«ጓንቴን ለምን ፈለግኸው?»

«ሴል ልለምነው። ዱሮ በከረጢት ነበር የምገዛቸው። እሱ የሞተ ሴል ሲያገኝ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ያደርግበታል፤ ነጥብ ያለበት ለእኔ ነው። ከአሥሩ ሁለቱ ትንሽ ነፍስ አይጠፋቸውም። ሁለት ዓመት ሆነ፣ አንድም አላገኘሁም። ‹ወደ ፋብሪካ ነው የሚመለሱት› አሉኝ። ፋብሪካ ሬሳ ምን ያደርግለታል?»

«አገኘኸው?»

«ከሩቅ። ተደፍቶ ሲሠራ አየሁት መስሎኝ፣ ሥራ ላይ ሲሆን መጠራት ስለማይወድ ባዶ ከረጢቴን ይዤ ተመለስኩ።» ወደ ሳጅኗ ዞረ። «ሞቶ ነበር እንዴ?»

የገባኝ ነገር ሁለት ነው። ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ጓንቴ ሞቷል። ደግሞም የሞቱት ሴሎች የሚሄዱበትን ማንም አያውቅም። አስነሺውን ግን ለጊዜው አሳደርኩት፤ በመስኮት የሚዘል ሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት ይገባዋል።

*

ጋሽዬ በዘጠነኛው ቀን ቢሮዬ መጡ። ፊታቸው በአንድ ሳምንት አርጅቷል።

«ለራሴ አይደለም የመጣሁት» አሉ። «ለዚያች ሴት ነው። የቀራት አሥር ቀን ነው። መኪናዋን ልቀቁልኝ፣ እኔ ራሴ አዲስ ባትሪ አስገብቼ በዋስትናው አስፈጽምላታለሁ። ልጅ አላት እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«ኤግዚቢት ናት፣ ጋሽዬ። አልችልም።»

«ባትሪዋን ብቻ ልውሰድ? ባዶ መኪናዋን ያዙት።»

«ባትሪው ነው እኮ የገደለው።»

አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ደጁ ላይ ከሹፌሯ ጋር ተገናኙ፤ በየቀኑ ትመጣ ነበርና። እጇን ይዘው ሲያጽናኗት በመስኮት አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ከእሳቸው ጋር ሳነጻጽረው ራሴን ጠላሁት። ቀን ትቆጥራለች፣ እኔ ወረቀት እቆጥራለሁ።

*

በማግስቱ አስነሺውን ከቤቱ አስጠርቼ ግቢያችን ውስጥ የቆመችው መኪና ጋ ወሰድኩት። «ፈቃድህን የሚጠይቅህ የለም፤ ይህን ባትሪ አንብብልኝ» አልኩት።

ጓንት አጠለቀ፣ ለካ፣ ሁለት ሴል ፈትቶ አወጣ። አገላብጦ አያቸው። ጠረናቸው። ከዚያ ካቻቢቴውን መሬት ላይ ወረወረው።

«ይሄ ሬሳ ነው! አጥበው ሱፍ አልብሰውታል። ሣጥኑ አዲስ ነው፣ ማኅተሙም አዲስ ነው፤ ሴሎቹ ግን አሮጌ ናቸው። ይኸው፣ ጎናቸው ተፍቋል። ጥጉ ላይ ቀይ ቀርቷል፣ ይታይዎታል? የጓንቴ ነጥብ ነች። ለእኔ ሊመጡ የሚገባቸው ሬሳዎች!»

ከሃያ ስምንቱ ሃያ ሁለቱ የተፋቀ ጎን ነበራቸው። በዋስትና አዲስ ባትሪ ተደረገላት የተባለችው ሴት፣ ከሌሎች መኪናዎች የተጣለ ነበር የተሸከመችው። አዲሱ የት ሄደ?

የኩባንያው የዋስትና ክፍል ኃላፊ መልሱን ለመስጠት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከረባቱን እያስተካከለ ከአሥራ አንድ ወር በፊት የተፈረመ ወረቀት አቀበለኝ። «ይኸው፣ ‹ተፈትኖ ተረክቧል› ብሎ የፈረመው ሟቹ ነው። ሌባው እሱ ነበር። ሊነቃበት ሲል ራሱን ገደለ። ኩባንያው በጣም አዝኗል።»

«የሞተ አይከራከርም፣ አይደል?»

«ማስረጃው ነው የሚናገረው» አለኝ ፈገግ ብሎ።

አንድ ቀን ሙሉ በዚህ ተሠቃየሁ። ነገሩ ይገጥማል፤ ፊርማው የራሱ ነው። ግን ጓንቴ ማኅተም ያልተነካ ሣጥን በመለኪያ ፈትኖ ነው የሚፈርመው፤ የተፋቁትም ሴሎች ለጥቂት ወራት ነፍስ የቀረባቸው፣ ተመርጠው የገቡ ናቸው። ደግሞስ ራሱን የገደለ ሰው ከሞተ በኋላ ተነስቶ መሰኪያ ይነቅላል?

*

የጽዳት ሠራተኛዋ ቃላቸውን ሊፈርሙ ጣቢያ መጡ። ሳጅኗ የጻፈችውን ታነብላቸዋለች፤ እኔ ሌላ ወረቀት ላይ አቀርቅሬያለሁ። «የኋላ መከላከያዋን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ» የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ሁልጊዜ ይጠርጉታል?»

«ሁልጊዜ። በሰባት ሰዓት። ከቆመ መኪና ስር ሳይቀር ነው የምገባው፣ ሁሉም ያውቃል።»

ሲወጡ ሳጅኗን አየኋት። «ለምንድን ነው የነቀለው?»

«ማ?»

«ገዳዩ። የውጭ ሰው ቢሆን ሰክቶ ይሮጣል። ሰው ሲሞት እያየ፣ ጊዜ እያለቀበት፣ ለምን ተመልሶ እጁን አስገብቶ ይነቅላል? ተሰክቶ ቢተወው፣ የጓንቴንም ከኪሱ ቢወስድበት፣ ሁላችንም ‹ረሳው› ብለን ቀብረነው ነበር። ራሱን ያጋለጠው መንቀሉ ነው።»

«ሰው እንዳይጎዳ» አለች ሳጅኗ። «ልማድ ነው። የተሰካ ባትሪ ክፍት ትቶ መሄድ የማይችል ሰው ነው።»

እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ከጋራዡ ሰዎች በቀር የለም። ያን ቀን ሌሎች ሦስት መኪናዎች ተከፍተው ነበር፤ የሦስቱም መሰኪያዎች ምሳ ሲበሉ በነበሩት ሦስት መካኒኮች ኪስ ውስጥ ናቸው። ሌላ ትርፍ መሰኪያ የት ይገኛል? ወደ ጋራዡ ሄድን። መጀመሪያ የጋራዡን ምግብ ቤት ሠራተኛ ጠየቅናት።

«ሁሉም በስድስት ሰዓት ተቀመጡ» አለች። «ጋሽዬ ብቻ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘግይተው መጡ። ምግባቸውን አሞቅሁላቸው። አልነኩትም።»

አሥራ ሁለት ሰው «ጋሽዬ ከእኛ ጋር በሉ» ብሎኝ ነበር። አልዋሹኝም፤ አብረው ነው የተነሱት። መቼ እንደተቀመጡ የጠየቀ አልነበረም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

*

የጋሽዬ ቢሮ በመስታወት የተከለለ፣ ንጹሕ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በነጭ ቀለም የተሳለበት ሰሌዳ አለ፤ አንድ ነገር ከጎደለ ቦታው ከሩቅ ያስታውቃል። መሃሉ ላይ ብርቱካናማ መሰኪያ ተሰቅሏል።

«ይህስ ምንድን ነው?» አልኩ።

«የማስተማሪያ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አነቃቀሉን የማሳይበት።»

«መኪና ላይ ገብቶ ያውቃል?»

«በጭራሽ። ከፋብሪካ እንደመጣ እዚያው ነው።»

«ሌላ ሰው ያነሳዋል?»

«ቁልፉ ከእኔ በቀር ማንም ዘንድ የለም። የዕቃ ግምጃ ቤቱም እንደዚያው ነው» አሉ፣ ለሥራቸው ጥንቃቄ የተመሰገኑ መስሏቸው።

ሳጅኗ ጓንት አጥልቃ መሰኪያውን አወረደችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው። ጫፉ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ደርቋል፤ እዚያው ላይ አምስት ስድስት ፍንጣሪ ብልጭ ብልጭ አለ። ጋሽዬ እኛን ትተው መሰኪያውን ያዩ ጀመር።

«የልጆች መጫወቻ ዱቄት ነው» አልኩ። «በከተማው ስንት መኪና ውስጥ እንዳለ አላውቅም። እርስዎ ቢሮ ውስጥ ግን የለም።»

ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አንቱ ልለው አልቻልኩም።

«ለምን ነቀልከው?» አልኩት።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን መጠየቄ ገርሞት ቀና አለ። «በሰባት ሰዓት እሷ ትመጣለች። በእርጥብ ጨርቅ መከላከያውን ትጠርጋለች። ሸርተት ብላ እጇ ቢገባስ? እሷ ምን በደለችኝ?»

«ጓንቴስ ምን በደለህ?»

እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነገረን። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ለዋስትና የሚመጡትን አዲስ ባትሪዎች ከጀርባ እየሸጠ በሣጥናቸው ውስጥ ሬሳ ሲያስገባ ኖሯል። ሬሳዎቹ ደንበኛውን ዋስትናው እስኪያልቅ ቢያደርሱት ይበቃል የሚል ነበር ሐሳቡ፤ ይቺ ግን ቶሎ ሞተችበት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጓንቴ ክዳኑን ሲያነሳ የራሱን ቀይ ነጥብ አየ።

«ማንም ዘንድ አልሄደም» አለ ጋሽዬ። «እኔ ጋ መጣ። ‹ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ በሌላ ሰው አፍ አትዋረድብኝ። ነገ እስከ ማታ ራስህ ተናገር፤ እኔ እስከዚያው ለሴትዮዋ እጽፍላታለሁ› አለኝ። አልቅሶ ነበር።» መሰኪያውን አየ። «ከግምጃ ቤት ሆኜ የእንግዳ መቀበያውን ስልክ ደወልኩ። ሊያነሳው ሲሄድ ሰካሁት። ስልኩ ላይ ሰው ሲያጣ ተመለሰ። እጁን ከማስገባቱ በፊት ኪሱን ዳሰሰ። መሰኪያው እንዳለ ሲያውቅ ጊዜ...»

ሳጅኗ ካቴናውን አወጣች። እኔ ግድግዳውን ነበር የማየው።

*

ፍርድ ቤቱን አልተርክም፤ የሚታወቅ ነገር ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው።

ጋሽዬን የያዝኩት ዋስትናው ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። በማግስቱ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄጄ መኪናዋ ትለቀቅ አልኩ። «ባትሪው ዋናው ማስረጃ ነው፤ እስከ ፍርድ አይነካም» አለኝ። ወደ ዋስትና ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ። «በደስታ እንቀበላታለን፣ መኪናዋን ያምጧት» አለኝ።

«ማምጣት አልችልም፣ ኤግዚቢት ናት።»

«ያልቀረበ መኪና አንመዘግብም።»

«የዘረፋት የእናንተ ሠራተኛ ነው!»

«ከሥልጣኑ ውጭ ነው ያደረገው። ደግሞም ባትሪው ተከፍቷል፤ ያውም ፈቃድ በሌለው ሰው።» ፈገግታው አልተለወጠም። «ያስከፈቱት እርስዎ መሰሉኝ።»

ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ምንም አልሆነም፣ እጄ ብቻ አበጠ። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሁለተኛ ጻፍኩ። ቀኑ አለፈ።

መኪናዋ የተለቀቀችው በአራተኛው ወር ነው። ሹፌሯ ልትረከብ መጣች። ተማሪዎቿን ሌላ ሰው ወስዷቸዋል፤ እሷ ሱቅ ውስጥ በቀን ሂሳብ ትሠራለች። ወረቀቶቿን አሁንም በዚያው ላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። አንቱታዋን ትታለች። «ሰውዬው ‹ልቀቋት፣ አዲስ ባትሪ ላስገባላት› ብሎ ለምኖህ ነበር?»

«ለምኖኝ ነበር።»

«ሊያታልለኝ ነው ወይስ ከልቡ?»

«ከልቡ ነው። የሞቱትን ሴሎች ለመሸሸግ ከሚያገኘው ሁሉ ምርጡን ያስገባልሽ ነበር።»

«ማንም አያውቅም ነበር?»

«ማንም።»

ችሎት ላይ ከጓንቴ ሚስት አጠገብ ተቀምጣ እንደነበር አውቃለሁ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። «ለእኔ ብሎ ምሳውን ትቶ ነው የሞተው» አለች። «እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሌሊት ሌሊት ግን ምነው ባልያዝከው እላለሁ።»

የርክክብ ቅጹን አቀረብኩላት። «ንብረቴን በሙሉ ጤንነቱ ተረክቤያለሁ» ይላል፤ ካልተፈረመ መኪናዋ አትወጣም። አንብባ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ፈረመች።

ሞተሯ አልነሳ አለ። ሳጅኗና እኔ ከኋላ ገፋን፣ እሷ መሪውን ይዛለች። በሩ ጋ ያለው ዳገት አቃተን፤ ሁለት ፖሊሶች ሮጠው አገዙን። መንገዱ ዳር ስንደርስ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ይበቃል፣ ከዚህ ወዲያ የእናንተ አይደለም» አለችን።